ሻማው ይበራል

ኢዮራሚን ከጋኑ ቤት አውጥተው በበለሱ ዛፍ ጥላ ሥር አጋድመውታል። እጁ እስከ ክርኑ ድረስ በወይን ጭማቂ ጠቁሯል፤ ፊቱ ግን የተኛ ሰው ፊት ነው። ከበለሱ አሥር እርምጃ ርቆ የወይን ለቀማው ማብቂያ ገበታ እንደተዘረጋ ቀርቷል። ጥብሱ ቀዝቅዟል፤ አይቡ ላይ ንብ ሰፍሯል፤ ብርጭቆዎቹም ግማሽ በግማሽ ናቸው። ሴቶቹ ሙሾውን ይዘው ወደ ቤት ስለገቡ ገበታውን ያነሳ ሰው የለም።

መርማሪዋ ማክቫላ ከተላቪ ከተማ የደረሰችው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነበር። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ ሰባት ወር ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ የሰው ድምፅ ሁሉ ከግድግዳ ጀርባ እንደሚመጣ ሆኖ ነው የሚሰማት። ጎረቤቶቿ «ምን ዓይነት ጠንካራ ሴት ናት» ይላሉ። ጠንካራ ሆና አልነበረም፤ ደንዝዛ ነበር።

የመንደሩ ፖሊስ ቫሊኮ ሮጦ ተቀበላት።

«እትዬ ማክቫላ፣ በከንቱ ደከሙ። ነገሩ አልቋል። ልጁን መኪና ውስጥ ቆልፌበታለሁ።»

«የትኛውን ልጅ?»

«ማልኻዚን። እሑድ የሟችን ልጅ ሊያገባ የነበረውን። ጠዋት ከሽማግሌው ጋር ሲጨቃጨቅ አገር ሰምቷል። አስከሬኑንም አገኘሁ ያለው እሱ ነው። ብቻውን ወርዶ አሥር ደቂቃ ቆየ።»

«በምን ገደለው?»

ቫሊኮ ኮፍያውን አወለቀና መልሶ አደረገው። «እሱን እንኳ እርስዎ ይደርሱበታል ብዬ ነው።»

«ሐኪሙስ ምን አለ?»

«ልቡ ነው ይላል። የጋኑ ትንፋሽ እንዳይባል ሻማው እየበራ ነበር። ሰዉ ግን ልጁ ነው እያለ ነው።»

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ማክቫላ መልስ ሳትሰጠው ወደ አስከሬኑ ጎንበስ አለች። ቀና ስትል አንዲት ቀጭን ወጣት ከፊቷ ቆማ አገኘቻት። የሟች ልጅ ፒኪሪያ ናት፤ ዓይኗ ደረቅ ነው።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንዎ። ሠርጌ የነበረው እሑድ የአባቴ ቀብር ሆኗል። ማልኻዚ ንጹሕ ከሆነ ከጎኔ ቆሞ አብሮኝ ይቅበር። ካልሆነ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ዓይኑን አላየውም። ብቻ እርግጡን ልወቅ። አለቅስ ነበር፤ ግን ለየትኛው እንደማለቅስ አላወቅሁም።»

«አባትሽ ስንት ሰዓት ወረደ?»

«ሰባት ሰዓት ላይ። የእኔን ጋን ከፍቶ ሊቀምስ።»

የፒኪሪያ ጋን የተሞላው እሷ በተወለደች ዓመት ነው። እዚህ ልጅ ሲወለድ አንድ ጋን የወይን ጠጅ ይሞላለታል፤ አፉ በድንጋይ ተከድኖ ይመረግና በሠርጉ ቀን ይከፈታል። ሃያ አራት ዓመት ማንም አልነካውም።

«ብቻውን ወረደ?»

«ብቻውንማ አይወርድም። ማልኻዚ እስኪታጠብ ጠብቅ ስለው፣ ‹ሰው አለኝ› አለኝ። አጎቴን መስሎኝ ነበር።»

ማክቫላ ከመኪናዋ ሻማ አወጣች። በዚህ አገር ተወልዶ መኪናው ውስጥ ሻማ የሌለው ሰው፣ ወይ ጠጅ የማይጠምቅ ነው ወይ ፈሪሃ እግዚአብሔር የሌለው ነው። የጋኑ ቤት ግማሽ በግማሽ መሬት ውስጥ ነው፤ አምስት ደረጃ ይወርዳል። ጋኖቹ እስከ አንገታቸው ተቀብረው አፋቸው ብቻ ከወለሉ ጋር እኩል ይታያል። በስድስቱ የዘንድሮው ድፍድፍ እየተብላላ ነበር። ድፍድፍ ሲብላላ የሚተፋው ትንፋሽ ቀለም የለውም፤ ከአየር ከብዶ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ጎንበስ ያለን ሰው ሳይጮኽ ይወስደዋል። ስለዚህ ሰው ሁለት ሆኖ ይወርዳል። አንዱ ያማስላል፣ ሌላው ደረጃው ላይ ቆሞ ወለል ላይ የተቀመጠውን ሻማ ያያል። የሚያማስለው ቀና ብሎ አያይም። ሻማው ከጠፋ ሁለቱም ይወጣሉ።

አሁን በሩም መስኮቱም ስለተከፈተ የማክቫላ ሻማ ወለል ላይ ቀጥ ብሎ ነደደ። ቁጢጥ ብላ ቀስ እያለች አየች። ከሦስተኛው ጋን አጠገብ አዲስ የሰም ክብ ነበር፤ መሐሉ ባዶ ሆኖ ሻማ የተነቀለበት ነው። የተነቀለውን ሻማ ግድግዳው ውስጥ በተፈለፈለው መደርደሪያ ላይ አገኘችው። ከሰው ደረት ከፍታ ላይ ነው፤ ሥሩ የወለሉን አፈር ይዟል። ከመደርደሪያው በታች አንድ የተቃጠለ ክብሪት ወድቋል።

ጥግ ላይ ያለው ሰባተኛው ጋን የፒኪሪያ ነው። ምርጊቱን በአውራ ጣቷ ስትጫነው ገባላት። ጭቃው እርጥብ ነበር።

ማልኻዚ መኪናው ውስጥ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ሸሚዙ እስከ አንገቱ ጭቃ ነው።

«ጠዋት ምን ተባባላችሁ?»

«እኔ የምሠራበት ቦታ በብረት በርሜል ነው የሚጠመቀው። እሱን ሳወራለት፣ ‹ጋንህን ስበረውና ተገላገል› አልኩት። ቀልዴን ነበር፤ እሱ ግን ተቆጣ። ‹ከእንግዲህ ለአንተ በቢራ ነው ጽዋ የማነሳው› አለኝ።»

ማክቫላ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራትም። በዚህ በካኼቲ ምድር በቢራ ጽዋ የሚነሳው ለጠላት ብቻ ነው።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሳቀ። የቀንድ ዋንጫውን ሞልቶ ሰጠኝ። ቀንድ ሳያልቅ አይቀመጥም፤ ሳልጨርሰው አልለቀቀኝም። ‹በል አሁን ልጄ ነህ፣ ታጠብ› አለኝ። ይህንን የሚመሰክርልኝ እሱ ብቻ ነበር።»

«አስከሬኑ ጋ አሥር ደቂቃ ምን ስትሠራ ነበር?»

«አራተኛው ጽዋ የሚነሳው ለቤቱ ባለቤት ነው። ባለቤቱ መመለስ አለበት፤ አልመጣም። ጥራው ብለው ላኩኝ። ከደረጃው ላይ ሳይ ሻማው መደርደሪያው ላይ ይበራል። ደህና ነው ብዬ ወረድኩ። ጋኑ አፍ ላይ ተደፍቷል። ጎንበስ ስል ጭንቅላቴ ዞረ። ወጣሁ፤ ትንፋሼን ይዤ ተመለስኩ። እንዲያ እያልኩ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በሦስተኛው ጊዜ እስከ ደረጃው ድረስ ጎተትኩት።» እጁን አየ። «ከባድ ሰው ነው። ነበር።»

የሟች ታናሽ ወንድም ጉራሚ ከጠፋው እሳት አጠገብ ነበር፤ እጁ ላይ ባዶ የጥብስ ሽቦ ይዟል።

«ስምንት ሺህ ዓመት ጠጅ ጠምቀን» አለ ሳትጠይቀው፣ «ዓለም እንኳ የተማረው ከእኛ ነው እያልን፣ ዛሬ በገዛ ጋናችን እንሙት?»

«ሰባት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ለጥብስ የሚሆነው የተገረዘ የወይን ቅርንጫፍ ፍም ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ዞር ካሉለት ይሞታል። ሴቶቹን ይጠይቁ፤ ጭሱ ገደለን ብለው ሲሰድቡኝ ነው የዋሉት።»

ሴቶቹ ስድቡን አንድ ሳይቀር ደገሙላት።

በገበታው ራስ የተቀመጠው ዛውሪ ብቻ ነበር። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ የሸለቆው ሁሉ ታማዳ ነው። ታማዳ ማለት ገበታውን የሚመራ፣ ጽዋውን በየተራው የሚያስነሳ ሰው ነው፤ እሱ ሳይናገር ማንም አይጠጣም። ለኢዮራሚ የልጅነት ጓደኛ ነበር። ወንበሩን ትቶ አልተነሳም።

«ጋሼ ዛውሪ፣ ነፍስ ይማር።»

«ያኑርሽ፣ ልጄ። ጠጅ ላስቀዳልሽ?»

«ሥራ ላይ ነኝ።» ሥራ ላይ ባትሆንም አትጠጣም ነበር። ከባሏ ከኖዳሪ ቀብር በኋላ ብርጭቆ አንስታ አታውቅም። «ዛሬ እዚህ ስንት ሰዓት መጡ?»

«ስምንት ሰዓት። ከቤቴ ቀጥታ ወደ ገበታ።»

«እስከ ስንተኛው ጽዋ ደረሳችሁ?»

«እስከ አራተኛው። መጀመሪያ የእግዚአብሔርና የሰላም፣ ከዚያ የአገር፣ ከዚያ የእናቶች። አራተኛው የባለቤቱ ጤና ነው። ‹ድል ለኢዮራሚ› አልኩ፤ ሁሉም አጋጭቶ ጠጣ። ከዚያ ልጁ ሊጠራው ሄደ።»

«የሙታን ጽዋስ?»

«ሰባተኛ ነው። አልደረስንበትም።» ቀና ብሎ አያት። «አርባ ዓመት አንድ ቀን ተራ አዛንፌ አላውቅም።»

«አይጠረጠርም» አለች። ዓይኗ ግን ከብርጭቆው አጠገብ ያለው የዳቦ ቁራሽ ላይ ትንሽ ቆየ። ዳቦው ላይ እንደ ሳንቲም የሰፋ ጥቁር ቀይ ነጥብ ነበር። የዚህ አገር ቀይ ወይን እስከ ሥጋው ድረስ ቀለም ነው፤ የነካውን አይለቅም። ማክቫላ ገበታውን ዙሪያውን ሄደች። የዘጠኝ ሰው ዳቦ አየች። ስምንቱ ደረቅና ንጹሕ ነበር።

ወደ ቫሊኮ ተመለሰች። «ልጁን ክፈትለት። ሁሉም እንደነበረ ይቀመጥ።»

ተቀመጡ። ማልኻዚ ቦታው ላይ ሲሆን ከግራና ከቀኝ ያሉት ወንበራቸውን ሸሸት አደረጉ። ፒኪሪያ ከጓዳው በር ላይ ቆማ አየችው እንጂ አልተጠጋችም።

«ልቡ አይደለም» አለች ማክቫላ። «ኢዮራሚ ሻማውን እንደ አባቶቹ ወለል ላይ አስቀምጦት ነበር፤ ሰሙ ይመሰክራል። ማልኻዚ ሲደርስ ግን ሻማው ደረት በሚያህል ከፍታ ላይ ነበር። ትንፋሹ እዚያ አይደርስም፤ ወለሉ ሞት ሆኖ እንኳ እዚያ ይበራል። ታዲያ ማን አነሳው?»

«እሱ ራሱ ቢያነሳውስ?» አለ ቫሊኮ።

«አንተ ለአርባ ዓመት ወለል ላይ ያስቀመጥከውን ዛሬ ታነሳዋለህ? እሺ አነሳው እንበል። ሻማው ከውጭ ተለኩሶ ነው የሚገባው። ከመደርደሪያው ሥር ያገኘሁት ክብሪት ምንድን ነው? ሻማው ጠፍቶ ነበር። የጠፋውን ሻማ እንደገና የለኮሰው፣ ኢዮራሚ ከወደቀ በኋላ በእግሩ የቆመ ሰው ነው።»

ሰዎቹ ዞረው ማልኻዚን አዩት።

«ማልኻዚስ?» አለ ጉራሚ ቀስ ብሎ።

«ማልኻዚ በዚያ ሻማ ተታሎ ሊሞት ነበር። ወጥመድ የሠራ ሰው ሦስት ጊዜ ወጥመዱ ውስጥ አይገባም። ደግሞም ኢዮራሚ ለልጁ ‹ሰው አለኝ› ብሏታል፤ ማልኻዚ ያን ጊዜ ውኃ ጉድጓዱ ዳር ገላውን ሲታጠብ ነበር። ጉራሚ ከፍሙ አልተለየም። ስለዚህ ሦስተኛ ሰው አለ። ፒኪሪያ፣ የሙሽራ ጋን ሲከፈት ከአባት ቀጥሎ የሚቀምሰው ማን ነው?»

«ክርስትና አባት» አለች ፒኪሪያ።

ክርስትና አባቷ በገበታው ራስ ተቀምጧል።

«ከቤቴ ቀጥታ ነው የመጣሁት ብያለሁ» አለ ዛውሪ። ድምፁ አልተለወጠም።

«ብለዋል። አሁን ሁላችሁም ዳቦአችሁን እዩ።» ሁሉም አቀርቅረው አዩ። «ዳቦ በጠጅ የምናርሰው መቼ ነው? የሞተን ሰው ስም ስንጠራ ብቻ ነው። ጽዋችሁ አራተኛው ላይ ቆመ፤ የሙታን ጽዋ ገና ሦስት ይቀረው ነበር። ስምንት ዳቦ ደረቅ ነው። አንዱ ርሷል። እናንተ ‹ድል ለኢዮራሚ› ብላችሁ ለጤናው ስታጋጩ፣ ሞቱን የሚያውቅ አንድ ሰው እዚህ ነበር። ለሞተ ሰው ጤና መጠጣት አልሆነለትም። እጁ የተማረውን አደረገ።»

ጉራሚ ተንጠራርቶ ዳቦውን አየና ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ዛሬ ያወጣው ዳቦ ነበር።

«ጠጅ ተንጠባጥቦብኝ ይሆናል» አለ ዛውሪ።

«ገበታ ላይ አንድም ሌላ ጠብታ የለም። አርባ ዓመት ተንጠባጥቦብዎት ያውቃል?»

ማክቫላ ወደ ፒኪሪያ ዞረች።

«ምርጊቱ እርጥብ ነው፤ አባትሽ ጋንሽን ከፍቶ ቀምሶ መልሶ መርጎታል። የቀመሰውን ማወቅ እፈልጋለሁ። ጋኑ ያንቺ ነው፤ ይከፈት?»

ፒኪሪያ ማልኻዚን አየች፤ ከዚያ መሬቱን። «ይከፈት።»

ጉራሚ ወርዶ በሸክላ ጽዋ ቀድቶ መጣ። ጠጁ የማር መልክ ነበረው። አሽትቶ ተጎነጨና ሳይውጠው ረጅም ጊዜ ቆመ።

«ይሄ የኛ ዳገት አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ያን ዓመት ወይኑን ከአባታችን ዳገት በገዛ ጀርባዬ ነው የተሸከምኩት። ይሄ የሜዳ ወይን ነው። ወንዙ ዳር ያለ አፈር ነው የሚቀመሰው።» ጽዋውን አስቀመጠ። «ወንዙ ዳር ያለው ደግሞ የጋሼ ዛውሪ ነው።»

ዛውሪ የረጠበውን ዳቦ አንስቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠው። እንደ ታማዳ ነበር የተናገረው፤ ሳይቸኩል፣ ቃል ሳይደግም።

«ኢዮራሚ ለሥራ አገር ለቆ በሄደበት ስድስት ዓመት የጋኑን ቤት ቁልፍ ለእኔ ነበር የሰጠኝ። ሻልቫ ልጄ ከጦርነቱ በሣጥን መጣ። ያን ዓመት በረዶ ወይኔን ጨርሶት ነበር፤ አንድ ማድጋ እንኳ አልነበረኝም። መንደሩ ሁሉ ለቀብር መጣ። ልጄን በውኃ ልቅበረው? የፒኪሪያን ጋን ከፈትኩ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ወይኔ ሲያገግም ከምርጡ ሞላሁት። እነግረዋለሁ እያልኩ ቀን ቀንን ወለደው። ሃያ ሦስት ዓመት ሆነ።»

«ዛሬ ቀመሰ» አለች ማክቫላ።

«ቀመሰና ዝም አለ። አልጮኸም። ምርጊቱን መልሶ ሠራ። ወደ ሦስተኛው ጋን ሄደ፣ ጎንበስ ብሎ ማማሰል ጀመረ። ‹እሑድ ሌላ ታማዳ አቆማለሁ› አለኝ። ‹ለምን ብለው ይጠይቁሃል› አልኩት። ‹ከጠየቁኝ አልዋሽም› አለ። ከዚያ በኋላ ሰው ሻልቫን ሲያነሳ የሚያነሳው በሌብነት ጠጅ የተቀበረውን ልጅ ነው። እሱን እያሰብኩ ሻማው ጠፋ።»

ንቧ ከአይቡ ላይ ተነሳች።

«እሱ ቀና አላለም። ‹ሻማው እንዴት ነው?› አለኝ። ሁልጊዜ እንደሚጠይቀው ነው የጠየቀኝ። ‹ይበራል› አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ወደቀ። ደረጃው ላይ ቆሜ አየሁት። ጎትቼ ላወጣው እችል ነበር፤ እኔ ግን ትንፋሼን ይዤ ወርጄ ያነሳሁት ሻማውን ነው፤ ልቡ ነው እንዲባል መደርደሪያው ላይ ለኮስኩት።»

«ምን ተሰማዎት?»

ዛውሪ አሰበ። «ምንም» አለ። «እስካሁንም ምንም።»

ማክቫላ ያንን ምንም ታውቀዋለች። ሰባት ወር አብሯት ተኝቷል። ሽማግሌውን ልትጠላው ፈለገች፤ ጥላቻውም አልመጣላትም። ለቫሊኮ ምልክት ሰጠችው፤ ቫሊኮም ከመኪናው ያመጣውን የእጅ ሰንሰለት ይዞ ቀረበ።

«የሙታን ጽዋ አልተጠጣም» አለ ዛውሪ ሳይነሳ። «እሱን አድርሼ ልሂድ። ተራው የእኔ ነው።»

«አይደለም» አለች ፒኪሪያ።

ከበሩ ተነስታ መጣች። ማልኻዚ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ጭቃ የደረቀበትን እጁን ይዛ አስነሳችውና ከጎኗ አቆመችው። ከዚያ ጉራሚ ያመጣውን ጽዋ አንስታ አንድ ደረቅ ዳቦ ላይ አንጠበጠበች።

«ለአባቴ ለኢዮራሚ።»

ሁሉም ዳቦአቸውን አረሱ። ብርጭቆ ያጋጨ አልነበረም፤ ለሙታን አይጋጭም። ፒኪሪያ ግን ጽዋውን አላስቀመጠችም። ሌላ ቁራሽ አነሳች።

«ለሻልቫ» አለች። «የተቀበረበት ጠጅ የእኔ ነበር። ሰጥቼዋለሁ። የተሰረቀ አይደለም።» ጠጁ ዳቦው ላይ ተንጠባጠበ። ወደ ክርስትና አባቷ ዞረች። «አባቴም ቢጠይቁት ይሰጥዎት ነበር። ቁልፉን ይዘው እንኳ ቢጠይቁት ይሰጥዎት ነበር።»

ዛውሪ ሊመልስ ከንፈሩን አላቀቀ። አርባ ዓመት ቃል ጠፍቶት የማያውቀው ሰው ቃል ጠፋው። መዳፉ ላይ የነበረውን ዳቦ ገበታው ላይ መልሶ አስቀመጠው። ቫሊኮ ደግፎ አስነሳው። እስከ መኪናው ድረስ «ሻልቫ» እያለ ሲያለቅስ ተሰማ።

ፒኪሪያም ያን ጊዜ ማልኻዚ ትከሻ ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

ማክቫላ ብቻ ቆማ ቀረች። ጉራሚ የተረፈውን ጠጅ ከዳቦ ቁራሽ ጋር ወደ እሷ ገፋ አደረገው፤ ሥራ ላይ ነኝ ብትል እንኳ አይቀየምም ነበር። ጽዋውን ትንሽ ጊዜ ይዛው ቆየች። ከዚያ ዳቦው ላይ አንድ ጠብታ ጣል አደረገች።

«ለኖዳሪ» አለች፤ ስሙን ከፍ አድርጋ ስትጠራው ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር።

ዳቦውን በላችው። የሜዳ ወይን እንደሆነ አፏ ውስጥ ታወቃት፤ ትንሽ ይመራል። ከዚያ ተቀመጠችና እንባዋ እስኪቆም ድረስ ማንም አላናገራትም።